የአካባቢ ጥበቃ ፖሊሲና የአሜሪካ ፕሬዝዳንት ምርጫ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ምርጫ በደረሰ ቁጥር በሐበሻ ሬስቶራንትና በኤርፖርት የታክሲ ወረፋ ላይ ከሚነሱ ጥያቄዎች የተሰበሰቡ ናቸው፤ ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የአካባቢ ፖሊሲ» ሲባል ዛፍ መትከል ነው እንዴ?

ዛፍም አለበት፤ ግን ትንሹ ክፍል ነው። የምትተነፍሱት አየር፣ ከቧንቧ የምትቀዱት ውሃ፣ የመብራት ቢላችሁ፣ የምትነዱት መኪና፣ በጠራራ ፀሐይ ውጪ ስትሠሩ የሚሰጣችሁ እረፍት ሳይቀር እዚህ ውስጥ ይገባል።

በጁን 2023 የካናዳ ሰደድ እሳት ጭስ ኒውዮርክን ብርቱካናማ አድርጎ ዋሽንግተን ዲሲ ድረስ ወርዶ ነበር። የኮቪድ ማስክ ከየመሳቢያው ወጣ። ያን ጭስ የትኛውም የአሜሪካ ፕሬዝዳንት ሊያስቆመው አይችልም። በጭሱ ውስጥ ያለው ደቃቅ ብናኝ ግን ከመኪናና ከኃይል ማመንጫም ይወጣል። ለዚያ ገደብ የሚያወጣው ኢፒኤ የሚባለው የፌዴራል አካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው። በ2024 ዓመታዊ ገደቡን በአንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር ከ12 ወደ 9 ማይክሮግራም ዝቅ አደረገው። በ2025 አስተዳደሩ ተቀየረና ያው መሥሪያ ቤት ራሱ ያወጣው ገደብ እንዲሻርለት ፍርድ ቤትን ጠየቀ። ኃላፊውን የሚሾመው ፕሬዝዳንቱ ነው፤ ነገሩ ከምርጫ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው።

ግሪን ካርድ ብቻ ነው ያለኝ። መምረጥ እችላለሁ?

አይቻልም። ዜጋ ሳይሆኑ በፌዴራል ምርጫ ድምፅ መስጠት ወንጀል ነው፤ ግሪን ካርድ አሳጥቶ ከአገር ሊያስወጣም ይችላል። መንጃ ፈቃድ ስታወጡ የመራጭነት ምዝገባ ጥያቄው ላይ እጃችሁ አይቸኩል። በሌላ በኩል ኢፒኤ አዲስ ደንብ ሲያረቅ የሕዝብ አስተያየት ይቀበላል፤ አስተያየት ለመስጠት ዜግነት አይጠየቅም። ይህን በር የሚጠቀምበት የእኛ ሰው ጥቂት ነው።

ፕሬዝዳንቱ ብቻውን ምን ማድረግ ይችላል?

በቅስቀሳ ላይ ከሚፎክረው ያነሰ ነው። ያም ሆኖ ቀላል አይደለም። በፊርማው ብቻ ከዓለም አቀፍ ስምምነት ማስወጣት ይችላል። የድንበር ተሻጋሪ ነዳጅ ቧንቧ ፈቃድ መሰረዝ ይችላል፤ ኪስቶን ኤክስኤል የሚባለውን ባይደን ቢሮ በገባበት ዕለት፣ ጃንዋሪ 20፣ 2021 ሰርዞታል። የፌዴራል መንግሥት መሬት የአገሪቱን ሩብ ያልፋል፤ እዚያ ላይ ማን ይቆፍር፣ ማን ይከልከል የሚለውም በአብዛኛው የሚወሰነው ፕሬዝዳንቱ በሚሾማቸው ሰዎች ነው።

ገንዘብና ሕግ ግን የኮንግረስ ነው። በ2022 የወጣው ትልቁ የአየር ንብረት ሕግ ሴኔት ውስጥ 50 ለ50 ተከፍሎ በምክትል ፕሬዝዳንቷ ድምፅ ነው ያለፈው። ጁላይ 4፣ 2025 የተፈረመ ሌላ ሕግ ደግሞ ብዙውን ክፍል አፈረሰው። አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ለሚገዛ ይሰጥ የነበረው እስከ 7,500 ዶላር የሚደርስ የታክስ ክሬዲት ሴፕቴምበር 30፣ 2025 ላይ ያበቃው በዚህ ሕግ ነው።

እኔ ከሁሉ በላይ የማየው ግን ሹመቱን ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን 2022 ኢፒኤ በኃይል ማመንጫዎች ላይ ያለውን ሥልጣን ያጠበበው 6 ለ3 በሆነ ድምፅ ነው። ከስድስቱ ሦስቱን የሾመው አንድ ፕሬዝዳንት በአንድ የአራት ዓመት ዘመኑ ነው። በ2024 ደግሞ ይኸው ፍርድ ቤት፣ ሕጉ ግልጽ በማይሆንበት ጊዜ ዳኞች የመሥሪያ ቤቶቹን ትርጓሜ ይቀበሉ ዘንድ የሚያደርገውን የ40 ዓመት ልማድ ሻረው። የኢፒኤ ኃላፊ ከፕሬዝዳንቱ ጋር ይሄዳል። ዳኛው የዕድሜ ልክ ነው።

ቤንዚን ሲወደድ ጥፋቱ የፕሬዝዳንቱ አይደለም?

በአብዛኛው አይደለም። የቤንዚን ዋጋ የሚከተለው የድፍድፍ ነዳጅን የዓለም ገበያ ነው። በጁን 2022 የአገሪቱ አማካይ ዋጋ በጋሎን 5 ዶላር ያለፈው ሩሲያ ዩክሬንን ከወረረች በኋላ ነው። ባይደን ከመጠባበቂያው ክምችት 180 ሚሊዮን በርሜል እንዲወጣ አዘዘ። ዋጋውን ትንሽ ሊያበርድ ይችላል፤ ገበያውን ግን አያዝዘውም።

ይህን ስነግራቸው የማያምኑኝ አሉ፦ በ2023 አሜሪካ በአማካይ በቀን 12.9 ሚሊዮን በርሜል ድፍድፍ አመረተች። እስከዚያ ድረስ የትኛውም አገር ያን ያህል አምርቶ አያውቅም። የሆነውም «ነዳጃችንን ዘጋው» ተብሎ ሲወቀስ በነበረው ፕሬዝዳንት ዘመን ነው። አብዛኛው የሚወጣው ከግልና ከስቴት መሬት ስለሆነ የዋይት ሐውስ እጅ እንደሚባለው አይረዝምም። ስለዚህ እጩን በማደያ ታፔላ አትመዝኑ።

አንዱ የሠራውን ሌላው እያፈረሰው ምን ትርጉም አለው?

ሰው ቢሰለች አይፈረድበትም። የፓሪሱን የአየር ንብረት ስምምነት ብቻ ተመልከቱ። አሜሪካኖቹ በ2016 ገቡ። በ2017 እንወጣለን አሉ፤ በኖቬምበር 2020 ወጡ። በፌብሩዋሪ 2021 ተመለሱ። በጃንዋሪ 2025 እንደገና ለመውጣት ተፈረመ፤ በጃንዋሪ 2026 ወጡ። ዩታ ውስጥ ቤርስ ኢርስ የሚባለው ጥብቅ ስፍራም እንዲሁ ነው። ኦባማ በ2016 ከለለው፣ ትራምፕ በ2017 ስፋቱን በ85 በመቶ ያህል ቀነሰው፣ ባይደን በ2021 መለሰው።

ሳይፈርስ የኖረውም ግን አለ። የ1970ው የንጹህ አየር ሕግ ዛሬም ይሠራል። የአሲድ ዝናብን ያስታገሰው የ1990 ማሻሻያም እንዲሁ። ሁለቱም የሁለቱን ፓርቲዎች ድምፅ ይዘው ያለፉ ሕጎች ናቸው። ስለዚህ እጩው «በመጀመሪያው ቀን እፈርማለሁ» ሲላችሁ ደስታችሁን ገታ አድርጉ፤ በመጀመሪያ ቀን የተፈረመ ነገር በሚቀጥለው ሰውዬ የመጀመሪያ ቀን ይሻራል። ኮንግረስን ይዞ ሕግ ማውጣት የሚችል እጩ የተሻለ ዋጋ አለው።

ታዲያ ስንት እጅ ክብደት ልስጠው?

የግድ ቁጥር ጥራ ካላችሁኝ፣ እኔ ከአምስት አንድ እጅ እሰጠዋለሁ። ከሥራና ከኑሮ ውድነት በታች፣ ክርክር ላይ ከሚታየው የአንደበት ጨዋታ ግን እጅግ በላይ። ይህ የእኔ ኑሮ የወለደው ቁጥር ነው። ልጁ አስም ይዞት ኢንሄለር ከኪሱ የማይለይ፣ ሀይዌይ ዳር የሚኖር አባት እጥፉን ቢሰጠው ልክ ነው። የቤት ኪራይ ያነቀው ሰው ደግሞ ግማሹን ቢሰጠው አልከራከረውም።

ክብደቱን ስትወስኑ ግን የሚታረም ስህተትና የማይታረም ስህተት እኩል አታድርጉ። የታክስ ሕግ ዘንድሮ ቢበላሽ የሚቀጥለው ኮንግረስ ያስተካክለዋል። ወደ ሰማይ የተለቀቀ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ከፊሉ ለመቶዎች ዓመታት እዚያው ይቆያል። በእርሳስ የተጎዳ የሕፃን አእምሮም አይመለስም። እርሳስ ሲባል የሚሺጋኗ ፍሊንት ብቻ ትዝ እንዳትላችሁ፤ እዚሁ ዲሲ ውስጥ ከ2001 እስከ 2004 ድረስ የቧንቧ ውሃ ከተፈቀደው በላይ እርሳስ ነበረበት። በኦክቶበር 2024 ኢፒኤ አብዛኞቹ የውሃ ድርጅቶች የእርሳስ ቧንቧቸውን በ10 ዓመት ውስጥ ነቅለው እንዲጨርሱ ደንብ አወጣ። እንዲህ ያለ ደንብ ይጠበቅ ወይስ ይላላ የሚለው የፕሬዝዳንት ጉዳይ ነው፤ ብዙ ነጥብ ይገባዋል።

ሁለተኛው ማጣሪያዬ ይህ ነው፦ ጉዳዩ በእርግጥ ፕሬዝዳንቱ እጅ ነው ያለው? የቤንዚን ዋጋ አይደለም። የሰፈራችሁ ቆሻሻ ማንሻ መኪናም አይደለም። የአየር ብናኝ ገደብ፣ የፌዴራል መሬት፣ የዳኛ ሹመት ነው። እጁ በሌለበት ነገር አትሸልሙት፣ አትቅጡትም።

ፓርቲውን ማየት ብቻ አይበቃም?

በአየር ንብረት ላይ የሁለቱ ፓርቲዎች ርቀት ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ በጣም ሰፍቷል፤ ስለዚህ የፓርቲው ስም ብዙ ይነግራችኋል። ሁሉንም ግን አይነግራችሁም። ኢፒኤን በ1970 ያቋቋመው ሪፐብሊካኑ ኒክሰን ነው። ያው ኒክሰን የ1972ቱን የንጹህ ውሃ ሕግ አልፈርምም ብሎ ኮንግረስ በላዩ ላይ አሳልፎበታል። የ1990ውን የአየር ማሻሻያ የፈረመውም ሪፐብሊካኑ አባት ቡሽ ነው።

በነፋስ ኃይል አገሪቱን የምትመራው ቴክሳስ ናት፤ የሪፐብሊካን ስቴት እንደሆነች ታውቃላችሁ። በሌላ በኩል በ1997 ሴኔቱ የኪዮቶውን ዓይነት የአየር ንብረት ስምምነት አንቀበልም ያለው 95 ለ0 ነው፤ ዴሞክራቶቹም ሳይቀሩ ማለት ነው። ካማላ ሃሪስ በ2019 ፍራኪንግን፣ ማለትም ዓለት እየሰነጠቁ ጋዝ ማውጣትን፣ እከለክላለሁ ስትል ነበር። በ2024 አልከለክልም አለች። በመካከሉ 19 የኤሌክቶራል ድምፅ (ፕሬዝዳንቱን የሚወስነው የየስቴቱ ድምፅ) ያላት ፔንሲልቬንያ አለች፤ ጋዙ የሚወጣው እዚያ ነው።

እጩው የሚናገረውን እንዴት አጣራለሁ?

ከንግግሩ ይልቅ የኋላ ታሪኩን እዩ። ገዥ ከነበረ ምን ፈረመ? ሴናተር ከነበረ እንዴት ድምፅ ሰጠ? የጥበቃ መራጮች ማኅበር የሚባለው ተቋም ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ለኮንግረስ አባላት በየዓመቱ ነጥብ ይሰጣል። ተቋሙ አቋም ያለው መሆኑን አትርሱ እንጂ ድምፆቹን አንድ ላይ ማየቱ ይጠቅማል። ከዚያ ቃሉን ፈትሹት። ቀን አለው? ቁጥር አለው? በሕግ ነው በፊርማ? «ምድራችንን እንጠብቃለን» የሚለውን የማይል እጩ የለም።

ኤርፖርት ነው የምሠራው። ይህ የሀብታም ሰው ጭንቀት አይደለም?

እኔ የማየው በግልባጩ ነው። ጁላይ 7፣ 2024 ላስ ቬጋስ 120 ዲግሪ ፋራናይት ደረሰች፤ በእኛ ቤት ልኬት 49 ሴልሺየስ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። የከተማዋ የምን ጊዜም ከፍተኛ ነው። በዚያ ቀን ሀብታሙ ከኤሲ ቤት ወደ ኤሲ መኪና ነው የሄደው። ሻንጣ የሚጭነው፣ ፓርኪንግ ላይ የቆመው፣ ወረፋ እስኪደርሰው ቤንዚን ለመቆጠብ ሞተር አጥፍቶ መስኮት ከፍቶ የተቀመጠው ሹፌር ማን እንደሆነ ቬጋስ ያለ ሰው ያውቃል። ግማሹ የእኛ ሰው ነው ብል የሚቆጣኝ አይኖርም።

በ2024 የባይደን የሠራተኛ ሚኒስቴር የሙቀት ደንብ አርቅቆ ነበር። የሙቀት መለኪያው 80 ፋራናይት ሲደርስ ውሃና ጥላ፣ 90 ሲደርስ ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ የ15 ደቂቃ የሚከፈልበት እረፍት። ረቂቁ ሳይጸድቅ አስተዳደሩ ተቀየረ። ለተቀጣሪ የፓርኪንግ ሠራተኛ ከዚህ የበለጠ የአካባቢ ፖሊሲ ምን አለ? (የኡበር ሹፌር ግን በሕግ ዓይን ተቀጣሪ ስላልሆነ ይህ ደንብ ቢጸድቅም አይነካውም ነበር። እሱን የነካው የኤሌክትሪክ መኪናው ክሬዲት መቅረቱ ነው።)

የእኔ ስቴት አሸናፊ አስቀድሞ ይታወቃል። ይህን ሁሉ ማሰብ ምን ያደርግልኛል?

ሜሪላንድ፣ ዲሲ ወይም ካሊፎርኒያ ከሆናችሁ፣ እውነት ነው፣ ለፕሬዝዳንት የምትሰጡት ድምፅ ውጤቱን የመቀየሩ ነገር ጠባብ ነው። ጆርጂያና ኔቫዳ ያላችሁ ግን ሌላ ታሪክ ነው። በ2020 ጆርጂያ የተወሰነችው በ11,779 ድምፅ ነው። በአትላንታ ዙሪያ ያለውን ሐበሻ አስቡና ቁጥሩን እዩት።

ደግሞም የመብራት ቢላችሁን የሚወስነው ዋይት ሐውስ አይደለም። በጆርጂያ የመብራት ታሪፍ የሚያጸድቀው በሕዝብ የሚመረጥ አምስት አባላት ያሉት ኮሚሽን ነው። ቢል በተደጋጋሚ ሲጨመርባቸው የቆዩት ነዋሪዎች በኖቬምበር 2025 ሁለት የኮሚሽን አባላትን በትልቅ ልዩነት አሰናበቱ። የፕሬዝዳንት ምርጫ የሌለበት፣ ብዙ ሰው ከነመኖሩም የማያውቀው ምርጫ ነበር። በቨርጂኒያ ይህን ኮሚሽን የሚመርጠው የስቴቱ ምክር ቤት፣ በሜሪላንድ የሚሾመው ገዥው ነው፤ ስለዚህ እዚያ ያላችሁ ዓይናችሁን ወደ ምክር ቤትና ወደ ገዥ ምርጫ አዙሩ። በቨርጂኒያው ላውደን ካውንቲ ውስጥ መብራት እንደ ውሃ የሚጠጡት የዳታ ሴንተሮች የት ይሠሩ የሚለውም ከሁሉ በፊት የሚያርፈው በካውንቲው ቦርድ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ለኢትዮጵያስ ምን ያመጣል? የሕዳሴው ግድብስ?

ግድቡን ከአካባቢ ፖሊሲ ጋር ባትቀላቅሉት ይሻላል፤ የውጭ ጉዳይ ነው። በ2020 ትራምፕ ግብፅ ግድቡን «ታፈነዳዋለች» ብሎ ሲናገርና የተወሰነ እርዳታ ሲታገድ ጉዳዩ የዓባይ ሥነ ምህዳር አልነበረም፤ የዲፕሎማሲ ሚዛን ነበር። ግድቡም በሴፕቴምበር 2025 ተመርቋል። በዚህ የተቆጣ ሰው በውጭ ፖሊሲ ዓምድ ላይ ነጥብ ይቀንስ።

እውነተኛው ግንኙነት ድርቅና ገንዘብ ላይ ነው። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በአፍሪካ ቀንድ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ የቦረናና የሶማሌ አርብቶ አደር ከብቱን አጣ። የአሜሪካ የእህል እርዳታ የሚመጣው በዩኤስኤአይዲ በኩል ነበር፤ ድርጅቱ በ2025 ተዘጋ። ድሃ አገሮች የአየር ለውጥን እንዲቋቋሙ ለሚረዳው አረንጓዴ የአየር ንብረት ፈንድ ኦባማ 3 ቢሊዮን ዶላር ቃል ገብቶ ከመውረዱ በፊት የሰጠው 1 ቢሊዮኑን ነው። ቀጣዩ አስተዳደር የቀረውን አቆመው። ቤተሰቦቻችሁ በድርቅ በተመታ አካባቢ ካሉ፣ እጩው ስለ እርዳታ የሚለውን ስለ ፀሐይ ኃይል ከሚለው አስቀድሙ።

ሁለቱም ትልልቅ እጩዎች አልጣሙኝም። ለግሪን ፓርቲ ብመርጥስ?

መብታችሁ ነው፤ ግን ፍሎሪዳን እያሰባችሁ። በ2000 ጆርጅ ቡሽ ፍሎሪዳን፣ በዚያውም ፕሬዝዳንትነቱን፣ ያሸነፈው በ537 ድምፅ ነው። የግሪን ፓርቲው ራልፍ ኔደር በዚያው ስቴት ከ97,000 በላይ ድምፅ አግኝቶ ነበር። የተሸነፈው አል ጎር በአየር ንብረት ጉዳይ ከታወቁት ፖለቲከኞች አንዱ ነው። ቡሽ በ2001 የኪዮቶውን ስምምነት አልቀበልም አለ። የኔደር መራጮች ሁሉ ለጎር ይሄዱ ነበር ማለት አይቻልም፤ ግማሹ ቤቱ ይቀር ይሆናል። ያም ሆኖ 537 ትንሽ ቁጥር ነው። ሜሪላንድ ሆኖ ለሦስተኛ ፓርቲ መምረጥና ኔቫዳ ሆኖ መምረጥ አንድ አይደለም።

በአካባቢ ጉዳይ የሚጥመኝ እጩ በኢሚግሬሽን ወይም በእምነቴ ጉዳይ አይጥመኝም። ምን ላድርግ?

እዚህ ላይ ሁሉን የሚያስማማ መልስ የለም። እኔ የምጠቀምበት ያንኑ የፕሬዝዳንቱን እጅ የማየት ማጣሪያ ነው። ኢሚግሬሽን ላይ እጁ በጣም ይረዝማል። የዓመቱን የስደተኛ ኮታ የሚወስነው እሱ ነው፤ ለ2025 በጀት ዓመት 125,000 የነበረው ለ2026 ወደ 7,500 ወርዷል። ወንድሙ ናይሮቢ ተቀምጦ ፕሮሰሱን የሚጠብቅ ሰው ይህን ከአየር ብናኝ ቢያስቀድም ማን ይወቅሰዋል? እኔም እንደዚያው አደርግ ነበር። የውጭ ጉዳይም እንዲሁ ነው፤ ኢትዮጵያ ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ከአጎዋ የወጣችው በፕሬዝዳንቱ ውሳኔ ነው። ፅንስ ማስወረድ ግን ከጁን 2022ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ በአብዛኛው ወደ ስቴቶች ወርዷል፤ ፕሬዝዳንቱ ዛሬ የሚነካው ይበልጡን በዳኛ ሹመት በኩል ነው።

ደግሞ ድምፃችሁ አንድ ብቻ አይደለም። በዚያው ወረቀት ላይ ሴናተር አለ፣ የምክር ቤት አባል አለ። የአካባቢ ሕግ የሚጸድቀውም የሚሻረውም እነሱ ዘንድ ስለሆነ የአካባቢ ድምፃችሁን እዚያ ማሳረፍ ትችላላችሁ። ለፕሬዝዳንት የአንዱን ፓርቲ፣ ለሴኔት የሌላውን መምረጥ የተፈቀደ ነው፤ የሚያደርጉትም ብዙ ናቸው። በ2024 አሪዞና፣ ኔቫዳ፣ ሚሺጋንና ዊስኮንሲን ለፕሬዝዳንት ትራምፕን፣ ለሴኔት ዴሞክራት መርጠዋል።